እሳት ካየው ምን ለየው? የቡቴንና የባትሪ ክርክር

ነገሩ የጀመረው አራት ኪሎ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በምንሰባሰብባት ካፌ። ማኪያቷችንን ሁለቴ እንኳን ሳንጎነጭለት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የሚኖረው ጓደኛችን በቪዲዮ ደወለ። እዚያ ገና ጠዋት ነው። ሰላምታው ሳያልቅ ሁለት ዕቃዎች ወደ ካሜራው አስጠጋ። አንደኛው ከእስክሪብቶ የማይረዝም የብረት ቱቦ ሲሆን አጠገቡ የጋዝ ላይተር ተቀምጧል። ሁለተኛው መዳፍ ውስጥ የሚገባ፣ እንደ ስልክ ቻርጅ የሚደረግ ጥቁር ነገር ነው።

«እስቲ ፍረዱ፤ የቱ ይሻላል?» አለን።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የጥርስ ሐኪም መሣሪያ መስሎን ነበር። ልጁ ከሳቀብን በኋላ አብራራልን። ዕቃዎቹ የደረቀ ቅጠል ሳያነዱ እያሞቁ ተኑን ብቻ የሚያወጡ ናቸው። ፈረንጆቹ ቫፖራይዘር ይሏቸዋል፤ እኛ ለዚህ ጽሑፍ ያህል «ማትነኛ» ብለናቸዋል፣ የተሻለ ስም ያለው ይላክልን። አንደኛው በቡቴን ጋዝ እሳት ይሞቃል፣ ሌላው በባትሪ። ቅጠሉ ደግሞ፣ ምን ደባበቀን፣ ካናቢስ ነው። ሜሪላንድ ከእ.ኤ.አ. ሐምሌ 2023 ጀምሮ ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው ሰው ለራሱ የሚሆን መጠን እንዲይዝ ፈቅዳለች። እኛ አገር ግን ክልክል ነው፣ የሚያስከስስ ወንጀልም ነው። ይሄን ከወዲሁ እንያዝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ጠረጴዛችን በአንድ አፍታ የቡናና የጊዮርጊስ ጨዋታ ያለበት ስታዲየም መሰለ። ግማሾቻችን ጋዝ፣ ግማሾቻችን ባትሪ። አንዳችንም ዕቃውን በእጃችን ነክተን አናውቅም፤ ግን መቼ ነው አለማወቅ ከመከራከር ያገደን? ክርክሩ ሲጋጋል ልጁን ሳል ያዘው። ረጅም፣ ደረቅ ሳል። ዝም አልን። «ኧረ ጭስ አይደለም እኮ፣ ተን ነው» አለና ሳቀ። ከዚያም እንዲህ አለ፦ «ስመጣ አንዳንድ ላምጣላችሁ?»

ይሄ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። በስልክ ልንመልስለት ስላልቻልን በጽሑፍ እንሞክረዋለን።

መጀመሪያ ለነገሩ እውነት እንስጠው

ጓደኛችን «ጭስ አይደለም» ሲል ሙሉ በሙሉ አልዋሸም። ሲጃራ በሚሳብበት ቅጽበት ጫፉ ላይ ያለው ሙቀት ወደ 900 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጠጋል። በዚያ ሙቀት የነደደ ቅጠል፣ ትምባሆም ይሁን ካናቢስ ወይም ሌላ ሳር፣ ሬንጅ መሳይ ዝቃጭና ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ማትነኛ ግን የሚሠራው በግምት ከ160 እስከ 230 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው። በዚህ ሙቀት ቅጠሉ ይጠበሳል እንጂ አይነድም፤ የሚፈለገው ንጥረ ነገር ተንኖ ይወጣል፣ ቅጠሉ ቡናማ ሆኖ ይቀራል። ቡና ስንቆላ የሚሆነውን አስቡት። ቡናው ሲቆላ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል፤ ምጣዱ ላይ ረስተነው ካረረ ደግሞ ቤቱን የሚሞላው ሌላ ነገር ነው።

በእ.ኤ.አ. 2007 በሳን ፍራንሲስኮ በ18 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል። ተሳታፊዎቹ ካናቢስን አንዴ አጭሰው፣ አንዴ ደግሞ «ቮልኬኖ» በሚባል የጀርመን ማትነኛ ተጠቅመው ተመረመሩ። ወደ ደማቸው የገባው ቲኤችሲ (የሚያሰክረው ንጥረ ነገር ማለት ነው) ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ፣ በማትነኛ ሲጠቀሙ በትንፋሻቸው ውስጥ የተገኘው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን እጅግ ያነሰ ነበር። ስለዚህ ማንደድና ማትነን አንድ ናቸው የሚለን ሰው ተሳስቷል። ልዩነት አለ።

ግን እዚያው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ባልቲሞር በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ሌላ ጥናት አለ። አዘውትረው የማይጠቀሙ 17 ሰዎች እኩል መጠን ያለው ካናቢስ በጭስም በተንም ተሰጣቸው። በተን የወሰዱት ጊዜ ደማቸው ውስጥ የተገኘው ቲኤችሲ በለጠ፤ ስካሩም በረታ። ይህም ማለት የነጻ አየር የለሰለሰ አየር ማለት አይደለም። ጭሱ ሲቀንስ ጉሮሮን የሚቧጥጠው ማስጠንቀቂያም አብሮ ይቀንሳል፣ የሚገባው ግን አይቀንስም።

ጋዙ

አሁን ወደ ዕቃዎቹ እንሂድ። ቡቴን ለእኛ እንግዳ አይደለም። «ቡታ ጋዝ» እያልን ስንጠራው የኖርነው የወጥ ቤት ዘመዳችን ነው፤ የላይተር ሆድ ውስጥ የሚንቦጫረቀውም እሱ ነው። አራት ካርቦን፣ አሥር ሃይድሮጅን። ሲነድ የእሳቱ ሙቀት ከ1,000 ዲግሪ በላይ ይወጣል። የማትነኛው ሥራ እንግዲህ ይሄን ሁሉ ሙቀት 200 ዲግሪ ገደማ ላይ ገርቶ ማስቀመጥ ነው፤ በሬ በክር እንደማሰር ያለ ነገር።

ጓደኛችን ያሳየን የብረት ቱቦ ዊስኮንሲን ውስጥ የሚሠራው ዳይናቫፕ ነው። ባትሪ የለውም፣ ሽቦ የለውም፣ መብራት አያበራም። ጫፉ ላይ ያለው ቆብ በእሳት ሲሞቅ ውስጡ ያለው ብረት ይለጠጥና «ቀጭ» ይላል፤ ያኔ እሳቱን ታነሳለህ። ከ«ቀጭ»ታው በኋላ ካቆየኸው ቅጠሉ ይነዳል፤ ማትነኛህም ተራ ፒፓ ሆኖ ያርፈዋል። አየርላንድ ውስጥ ደግሞ የጋዝ ብየዳ ብረት የሚሠራ ኩባንያ አይኦላይት የሚባል በቡቴን የሚሠራ ማትነኛ አውጥቶ ነበር፤ የብየዳ ዕውቀቱን ወደ ሳንባ አዞረው ማለት ነው።

የጋዝ ደጋፊዎቻችን ክርክር ቀላል ነበር። ዕቃው አይበላሽም፣ መብራት ሲጠፋ አይሞትም፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ባትሪው አብጦ ቆሻሻ አይሆንም። እንደ ጀበና ነው፤ ካልሰበርከው ይኖራል።

የባትሪዎቹ ቡድን መልስም ባዶ አልነበረም። ቡቴን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ መትነን ያቆማል፤ የሚኒያፖሊስን ክረምት የቀመሱ ወገኖቻችን ላይተር በብርድ እንደሚያምጽ ያውቃሉ። ጋዙ ከአየር ይከብዳል፤ መስኮትና በር ዘግተህ ስትሞላ ያፈሰስከው ወለል ላይ ተኝቶ እሳት ይጠብቃል። በቀጥታ ወደ ውስጥ ከተሳበ ደግሞ የልብ ምትን አዛብቶ በድንገት ሊገድል ይችላል። አንዳንዶቹ የጋዝ ማትነኞች ነበልባሉን በራሱ በአየር መሳቢያው በኩል የሚያስገቡ ናቸው፤ የጋዙ ቃጠሎ የሚያወጣው ነገር ከተኑ ጋር አብሮ ይመጣል። ይሄን ለመቀበል የላይተር አምራቾችን ከልብ ማመን ያስፈልጋል።

ባትሪው

በባትሪ የሚሠራው ዋና ክብሩ ልክ ማወቁ ነው። 185 ዲግሪ ካልከው 185 ላይ ይቆማል፤ እጅህ ቢንቀጠቀጥ፣ ወሬ ላይ ብትሆን ቅጠሉን አያሳርርም። ለዚህም ነው ሐኪም ካናቢስ በሚያዝባቸው አገሮች የሕክምና መሣሪያ ተብለው የተመዘገቡት ማትነኞች በኤሌክትሪክ የሚሠሩት። ከላይ የጠቀስነው የቮልኬኖ አምራች፣ የጀርመኑ ሽቶርዝ ኡንድ ቢክል፣ ለሕመምተኞች የሚሆኑ ለብቻቸው አሉት። በሕመም ለሚሰቃይና ሐኪሙ ላዘዘለት ሰው ልኩን ማወቅ ቁም ነገር ነው፤ በዚያ ላይ አንቀልድም።

ጉዳቱስ? የሊቲየም ባትሪ ነው፤ ከተጎዳ ወይም ከተጨመቀ ራሱን እያጋለ ሊቃጠል ይችላል። ለዚህም አየር መንገዶች እንዲህ ያለውን ዕቃ በእጅ ሻንጣ እንጂ ወደ ሆድ በሚገባ ሻንጣ እንዲጫን አይፈቅዱም። (የቡቴን መሙያ ጣሳ ደግሞ በሁለቱም ክልክል ነው። ጋዞች ሆይ፣ እዚህ ላይ ተሸንፋችኋል።) ዕድሜውም የባትሪው ዕድሜ ነው።

እኛን ያሳሰበን ግን ሌላ ነው። የጋዙ ዕቃ ያጋልጣል። ላይተሩ ይጮኻል፣ ነበልባሉ ይታያል፣ ሁለት እጅ ይፈልጋል፣ ትኩረት ይፈልጋል። ባትሪው ግን ቁልፍ ነው፤ ተጭነህ ትስባለህ፣ ኪስህ ትከተዋለህ። ከስልክ ጋር የሚገናኝም አለው፤ አፕል እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 ከመደብሩ 181 የቬፕ አፕሊኬሽኖችን እስኪያነሳ ድረስ ሙቀቱን በስልክ ማዘዝ ተለምዶ ነበር። አንድን ነገር ለማድረግ የሚጠይቀው ድካም ባነሰ ቁጥር የሚደረግበት ጊዜ ይበዛል። ጫት ቤት ድረስ መሄድና ጫቱ በር ድረስ መምጣቱ አንድ እንዳልሆነ ለናንተ መንገር አያስፈልገንም።

ገንዘቡን ተከተሉ

ጋዜጠኝነት ስንማር መጀመሪያ ከገባን ነገር አንዱ «ማን ይጠቀማል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ይሄን ጥያቄ ይዘን የጋዝና የባትሪ ክርክር ውስጥ ስንገባ ያገኘነው ታሪክ እስከ ደጃችን አመጣን።

ጄምስ ሞንሲስና አዳም ቦወን የሚባሉ ሁለት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ለመመረቂያቸው ያቀረቡት ሐሳብ ትምባሆን ሳያነዱ ማሞቅ ነበር። በ2007 ፕሉም የሚባል ኩባንያ መሠረቱ። በ2010 ያወጡት የመጀመሪያ ዕቃ በምን ይሠራ ነበር መሰላችሁ? በቡቴን! በትንሽ ጋዝ የሚሞቅ፣ እስክሪብቶ የመሰለ ነገር። ገበያው ግን አልወደደውም። በ2012 ባትሪ ያለው፣ ለስላሳ፣ ኪስ ውስጥ የሚጠፋ ፓክስ የሚባል የደረቀ ቅጠል ማትነኛ አወጡ። ይሄኛው ተሸጠ። በ2015 ደግሞ ቅጠሉንም ትተው ኒኮቲን ያለበት ፈሳሽ የሚያተን፣ የኮምፒውተር ፍላሽ የሚመስል ዕቃ አመጡ። ስሙ ጁል ይባላል።

የቀረውን ታውቁታላችሁ። የጁል አንድ መሙያ የያዘው ኒኮቲን ከአንድ ፓኮ ሲጃራ ጋር እንደሚስተካከል ኩባንያው ራሱ ይናገር ነበር። በ2018 መጨረሻ የአሜሪካ የጤና የበላይ ኃላፊ የወጣቶችን ቬፕ ወረርሽኝ ብለው ጠሩት። በዚያው ወር የማርልቦሮ ባለቤት አልትሪያ የጁልን 35 በመቶ በ12.8 ቢሊዮን ዶላር ገዛ (በ2023 ጥሎት ወጥቷል)። በ2022 ጁል ለወጣቶች ባደረገው ማስታወቂያ ምክንያት ለ30 ከሚበልጡ ግዛቶች 438.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ከቡቴን ተነስቶ ትምህርት ቤት መጸዳጃ ቤት ለመድረስ አምስት ዓመት ገደማ ፈጀበት ማለት ነው።

ከ2019 ጀምሮ እስከ የካቲት 2020 ድረስ አሜሪካ ውስጥ ቬፕ የሚጠቀሙ ሰዎች ሳንባ ሲቃጠል ሆስፒታል የገቡት ከ2,800 በለጡ፤ 68 ሞቱ። ሐቀኛ ለመሆን ያህል፣ ያ ጥፋት በዋናነት የተያያዘው ቲኤችሲ ባለባቸው የዘይት መሙያዎች ውስጥ ከተጨመረ ቫይታሚን ኢ አሲቴት ከሚባል ንጥረ ነገር ጋር እንጂ ከደረቅ ቅጠል ማትነኛ ጋር አይደለም። ግን ከቅጠል ወደ ዘይት፣ ከዘይት ወደ ምኑ እንደገባ የማይታወቅ መሙያ የሚወስደው መንገድ ያው የ«ይቅለልህ» መንገድ ነው።

አሁን ወደ ደጃችን። ፕሉም ገንዘብ ሲፈልግ እ.ኤ.አ. በ2011 ድርሻ የገዛው ጃፓን ቶባኮ ነበር። በ2015 ሲለያዩ የፕሉምን ስም ይዞ የቀረውም እሱ ነው፤ ዛሬ ፕሉም የእሱ የትምባሆ ማሞቂያ ስም ነው። ይኸው ኩባንያ በ2016 የእኛን ብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት 40 በመቶ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በ2017 መጨረሻ ተጨማሪ 434 ሚሊዮን ከፍሎ ድርሻውን ወደ 71 በመቶ አሳደገ። አዎ፣ የኒያላው። ፕሉም አዲስ አበባ ይሸጣል አላልንም። የምንለው፣ «ጋዝ ይሻላል ወይስ ባትሪ?» ብለን ስንጨቃጨቅ ለሁለቱም መልስ አስቀድሞ የከፈለ ሰው አለ ነው። እሱ የትኛውም ቢያሸንፍ አይከስርም።

ሕጉን ለጓደኛችን

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ትምባሆ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንዳይሸጥ ከመከልከሉም በላይ ኤሌክትሮኒክ ሲጃራንና ሺሻን ወደ አገር ማስገባትም መሸጥም ከልክሏል። ካናቢስ ደግሞ ከዚያ በፊት በወንጀል ሕጉ የተዘጋ በር ነው። እዚህ ከተማ ውስጥ ግን ጣፋጭ ሽታ ያለው ደመና ሳያጋጥማችሁ የሚያልፍ የቅዳሜ ምሽት አለ? የተከለከለውን ሁሉም ሰው ያየዋል፤ የማያየው ይዞ የተገኘ ዕለት ብቻ ነው።

ለልጁም ሌላ የምንለው አለን። የሜሪላንድ ሕግ የሜሪላንድ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ሕግ አሁንም አይፈቅድም፤ የኢሚግሬሽን ጉዳይ የሚታየው ደግሞ በፌዴራል ሕግ ነው። የአሜሪካ የዜግነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 ግልጽ እንዳደረገው፣ ግዛቱ በፈቀደው ካናቢስም ቢሆን ግሪን ካርድ የያዘ ሰው «መልካም ጠባይ» የሚለውን መመዘኛ አጥቶ ዜግነት ሊነፈግ ይችላል። የብዙዎቻችሁ ወንድምና እህት ይሄን አያውቁም። ጎረቤቱ ፈረንጅ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ሲያተንን ያያሉ፣ ተፈቅዷል ይላሉ። ለእሱ ተፈቅዷል። በዱባይ በኩል አልፋለሁ የሚል ካለ ደግሞ፣ መሣሪያው ውስጥ የቀረች ፍርፋሪ ለምርመራ ክፍል ታበቃለች፤ «ባዶ ነው» ማለት እዚያ አያዋጣም።

የእናታችን ፍርድ

ክርክሩን ቤት ይዘነው ስንገባ ከመካከላችን የአንዷ እናት ሰሙን። እኚህ ሴት ከጋብቻቸው በፊትም በኋላም በኩበትና በጭራሮ እንጀራ ሲጋግሩ የኖሩ ናቸው። ሳላቸውን የሰፈሩ ሰው ያውቀዋል፤ ከደረጃው ሥር ሲደርሱ መምጣታቸው የሚታወቀው በሳሉ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ቤታቸው የገባ ዕለት ዓይናቸው ዐረፈ፣ ሳሉ ግን አልተዋቸውም።

ሁሉንም አስረዳናቸው። ጋዙን፣ ባትሪውን፣ 185 ዲግሪውን። አዳመጡና «እሳት ካየው ምን ለየው?» አሉ።

እኛ የተማርነው ልጆች ለማረም ተንደረደርን። «አይ እማማ፣ ሳይንሱ እኮ...» አልን። ልዩነት እንዳለው ከላይ ጽፈናል፣ አሁንም አንክደውም። እሳቸው ግን አልጨረሱም ነበር። «እኔ እኮ እሳቱን የቀየርኩት እንጀራው የግድ ስለሆነ ነው» አሉ። «እንጀራ ሳይጋገር አይታደርም። እናንተ ይሄን ካልሳባችሁ ጦማችሁን ታድራላችሁ?»

ከቅዳሜ ጀምሮ ስንፈልገው የነበረው ነገር ይሄ ነበር። አንዱን እሳት ከሌላው ማወዳደር ትርጉም የሚኖረው እሳቱ የግድ ሲሆን ነው። ለወጥ ቤት የግድ ነው። ሐኪም ላዘዘለት ሕመምተኛ የግድ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ከሐኪሙ ጋር ይምከር፣ ምናልባትም ባትሪውን ይምረጥ። ለዓመታት ሲያጨስ ለኖረና ማቆም ላቃተው ሰውም ከጭስ ተን ይሻለዋል ብንል አንዋሽም። ለእኛ፣ ሃያዎቹ ውስጥ ላለነውና ገና ላልጀመርነው ግን፣ «የቱ ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ወጥመድ ነው። ሁለት ዕቃ ፊታችን ሲቀርብ ሦስተኛውን ምርጫ እንረሳዋለን። የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል ግምት ካናቢስ ከሚጠቀሙ 10 ሰዎች 3ቱ ገደማ ከቁጥጥራቸው ውጭ ይሆንባቸዋል ይላል። አእምሯችንም እስከ 25 ዓመት ገደማ እየተሠራ ነው። ግንባታ ላይ ያለ ቤት ውስጥ እሳት አይጫወቱም፤ የጋዝም የባትሪም።

ስለዚህ ወዳጃችን፣ ላምጣላችሁ ወይ ላልከን መልሳችን ይኸው። አታምጣ። ከሁለቱ የቱ ይሻላል ላልከው፣ እንደ ዕቃ ካየነው የብረት ቱቦዋ ታኮራለች፣ እንደ ልክ አዋቂነት ባትሪው ይበልጣል፤ ይሄን ለማለት አንፈራም። እንደ ጓደኛ ግን ከሁለቱም ይልቅ ያሳሰበን ሳልህ ነው። ሐኪም ጋ ሂድ። ሂድና ደውልልን፤ ስትመጣ ደግሞ ሻንጣህን አታክብድ፣ ራስህን ብቻ ይዘህ ና። ማኪያቶው በእኛ ነው።

ቸር እንሰንብት።